ዲናሞው ከመፈታቱ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ለአብዛኞቻችን መኪና ማለት አዲስ ሆኖ የተገዛ ዕቃ ሳይሆን፣ የዕድሜውን ግማሽ በሌላ አገር ጨርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እዚህም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ቆይቶ እጃችን የገባ ንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የብር የመግዛት አቅም ወረደና ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወደደ። እነዚህ ሲደራረቡ ያስከተሉት ነገር በየጋራዡ በር ላይ ይታያል፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያንኑ አሮጌ መኪና እየጠገነ ለብዙ ዓመት መኖር ይጠበቅበታል።

የእኔዋ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለፈው ክረምት ዲናሞዋ፣ ማለትም ሞተሩ እያዞረው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭና ባትሪዋን የሚሞላው ዕቃ፣ እየደከመ በሄደበት ጊዜ ስለዚህ ዕቃ ያየሁትን፣ የለካሁትንና ከባለሙያ የሰማሁትን ለመጻፍ የወሰንኩት አንድ ነገር ስላሳሰበኝ ነው። በዚህ ከተማ በዲናሞ ምክንያት ከሰው ኪስ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው የሚባክነው የትኛው ክፍል እንደታመመ ሳይታወቅ ሙሉው ዕቃ፣ አንዳንዴም ከነባትሪው፣ ስለሚቀየር ነው። ዲናሞ ግን በአንድ ጊዜ ሁለመናው አይሞትም። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከውስጡ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የዚያ ትንሽ ነገር ዋጋ ደግሞ ከሙሉው ዲናሞ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

መድከሙ የጀመረው በክረምት መሆኑ አላስገረመኝም። ዝናብ ሲዘንብ ዋይፐሩ ይሠራል፣ መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ማራገቢያው ይከፈታል፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያው ይበራል፣ በቀንም ቢሆን የፊት መብራት ያስፈልጋል። ሁለቱ የፊት መብራቶች ብቻ 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ ማራገቢያውና የመስታወት ማሞቂያው እያንዳንዳቸው ከ10 አምፔር በላይ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ሞተሩ ራሱም ለነዳጅ ፓምፑና ለካንዴላዎቹ የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። የዚህ ዓይነት ኮሮላ ዲናሞ ጤነኛ ሆኖ በፍጥነት ሲዞር ከ60 እስከ 80 አምፔር ይሰጣል፤ በመንገድ መጨናነቅ ቆመን ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ ግን የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በደረቁ ወራት ሳይታወቅ የቆየ ድክመት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየዘነበ መንገዱ ሲዘጋጋ ራሱን ይገልጣል። ነዳጅ ሲሰጡት የፊት መብራቱ ይደምቃል፣ ሲለቁት ይፈዛል፤ የመስኮቱ መስታወት እየተጎተተ ይወጣል፤ የባትሪ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ይልና ይጠፋል። እነዚህን ሁሉ ያየሁት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ምልክት የታየበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ባትሪህን ቀይር» የሚል ነው። ምክሩ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ባትሪ ለመቀየር ቀላል ነው፣ መኪናውም ወዲያው ይነሣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዲናሞው የማይሠራ ከሆነ አዲሱም ባትሪ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሁለት ዕዳ ይኖርበታል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ቮልት የሚለካ አንድ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ነው። መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቢኖረው እላለሁ፤ ለአንድ ጊዜ የጋራዥ ምልልስ ከሚወጣው ገንዘብ በላይ አያስወጣም።

አለካኩም ከባድ አይደለም። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ሁለት ምሰሶዎች ላይ ማድረግ ነው። 12.6 ቮልት አካባቢ ከታየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ብቻ ቀርቷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ እንደገና መለካት ነው። ዲናሞው የሚሠራ ከሆነ ቁጥሩ ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩ ከጠዋቱ ካልጨመረ፣ ይባስ ብሎም ቀስ እያለ ከወረደ፣ መኪናው እየኖረ ያለው ከባትሪው እየበላ ነው ማለት ነው። በተቃራኒው ከ15 በላይ ከወጣ ዲናሞው ያለ ልክ እየሰጠ ነው፤ ይህ እንዲያውም ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ የባትሪውን ውሃ ያፈላል፣ አምፖሎችን ያቃጥላል፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም ለአደጋ ያጋልጣል። በእኔ መኪና የታየው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር 12.3፣ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ አንዳንዴ 13.6፣ አንዳንዴም ምንም ለውጥ የሌለው ቁጥር ነበር። ይህ መዋዠቅ ራሱ ፍንጭ እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በብርቱ የምቃወመውን አንድ ልማድ ማንሣት እፈልጋለሁ። በብዙ ጋራዦች ዲናሞ የሚፈተሸው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በመንቀል ነው፤ ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ደህና ነው» ይባላል። ይህ ዘዴ መኪኖች ምንም ኮምፒውተር ባልነበራቸው ዘመን የመጣ ነው። ባትሪው በዲናሞና በመኪናው የኤሌክትሪክ መስመር መካከል እንደ ግድብ ሆኖ የሚዋዥቀውን ቮልት ያረጋጋል፤ ገመዱ በድንገት ሲነቀል ዲናሞው የሚሰጠው መሄጃ ስለሚያጣ ለቅጽበት ከ40 ቮልት በላይ የሚደርስ ግፊት መስመሩ ውስጥ ሊለቅ ይችላል። ያ ቅጽበት ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን የዲናሞውን ዳዮዶች፣ ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይበቃል። በዚያ ላይ ቻርጅ ሲደረግ ከቆየ ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ፣ ገመዱ ሲነቀል የሚፈጠረው ብልጭታ ባትሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። አንድ ሰው መኪናዬን በዚህ መንገድ ልፈትሽ ቢል፣ ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ እባክዎ በቴስተር ይለኩልኝ እላለሁ። እምቢ ካለ ይዤ እሄዳለሁ።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይም ጥፋተኛው ገና ዲናሞው ነው ማለት አይደለም። ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበት ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ላልቶ ወይም አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በዝናብ ጊዜ ሞተሩ ሲነሣ የሚጮህ ቺንጋ ዲናሞውን በሚገባ አያዞረውም። የባትሪው ምሰሶዎች ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ከሆነ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥበው፣ ተፍቀው፣ ገመዶቹ ጠብቀው መታሠር አለባቸው። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ውስጡ ተበልቶ እንደሆነም በቴስተር ይታወቃል፤ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ አንዱን ጫፍ ገመዱ ከዲናሞው በሚወጣበት ቡሎን ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጎ መለካት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት በላይ ከሆነ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ዋናው ፊውዝም መታየት አለበት። ይህ ሁሉ ሲደመር ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ነው፤ ጥቂት የማይባሉ ዲናሞዎችም ለአንድ የዛገ ገመድ ሲባል ተፈትተው ተሽጠዋል ብዬ አምናለሁ።

የእኔን መኪና ቺንጋና ገመዶች ካጣራሁ በኋላ የወሰድኳት ሰፈራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የመኪና ኤሌክትሪክ ብቻ ሲሠሩ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ነው። ቤታቸው ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የዲናሞ መፈተሻ ሞተር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የመዳብ ጥቅልሎች፣ የብየዳ ካውያና ቴስተር። ቁጥሮቹን ስነግራቸው ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«አንዴ ይሰጣል አንዴ ይተዋል አልከኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ ነዳጅ ስሰጠው አንዳንዴ ይነሣል።»

«እንግዲያው አልሞተም ልጄ። የሞተ ነገር አንዳንዴ አይነሣም። ካርቦኑን እንየው።»

ዲናሞውን ለማውጣት መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈቱ። ይህን ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ባለሙያ ያጋጥማል፤ የዲናሞው ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ኔጌቲቩ ሳይነቀል ቁልፍ እዚያ ገብቶ የሞተሩን አካል ቢነካ እሳት ይረጫል። ከዚያ ቺንጋውን አላልተው፣ ሁለቱን ቡሎኖች ፈትተው፣ የሬጉሌተሩን ሶኬት ነቅለው አወጡት።

ውስጡ ምን እንዳለ ላላየ ሰው ባጭሩ ልግለጽ። መሐል ላይ በቺንጋው ኃይል የሚዞር የመዳብ ጥቅል አለ፤ እርሱ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ይሆናል። ያ ማግኔት በዙሪያው ባለው የማይንቀሳቀስ ጥቅል ውስጥ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የሚመነጨው አቅጣጫውን የሚቀያይር ስለሆነ፣ ቢያንስ ስድስት ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ አድርገው ወደ ባትሪው ይልኩታል። ሬጉሌተሩ ደግሞ ወደሚዞረው ጥቅል የሚገባውን መጠን እየጨመረና እየቀነሰ ቮልቱን ከ14 አካባቢ እንዳይርቅ ይጠብቀዋል። ወደሚዞረው ጥቅል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች ናቸው፤ በስፕሪንግ እየተገፉ ዘንጉ ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ይነካሉ። መኪናው በተነዳ ቁጥር ካርቦኑ ይፋቃል፤ አንድ ቀን ቀለበቱ ላይ መድረስ ያቅተዋል። የመጀመሪያ ምልክቱም ልክ እንደ እኔ መኪና ነው፤ ሲነካ ይሠራል፣ ሳይነካ ይተዋል፣ በመንቀጥቀጥ ይነሣል።

ካርቦኖቹ ሲወጡ አንደኛው ከመያዣው ብቅ ያለው ለዓይን ያህል ነበር። የዚያ ዘመን የቶዮታ ጥገና መመሪያ አዲስ ካርቦን ከመያዣው ወጥቶ የሚታየው ርዝመት 10.5 ሚሊ ሜትር ነው ይላል፤ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር አለበት። አዛውንቱ አሮጌዎቹን በካውያ አላቀው አዲሶቹን በየዱ፤ ጥቁር የለበሱትን የመዳብ ቀለበቶች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጸዱ። ከዚያ ግን እኔ ያልጠበቅኩትን አደረጉ፤ ዲናሞው አንዴ ከተከፈተ ሌላውም ይለካ አሉ። የሚዞረውን ጥቅል በሁለቱ ቀለበቶች ላይ ለኩት፤ 3 ኦም ገደማ ነበር፣ ጤነኛ ነው። ጥቅሉ ከዘንጉ ጋር እንዳልተነካካ አረጋገጡ። ዳዮዶቹን አንድ በአንድ በአንድ አቅጣጫ የሚያሳልፉ፣ በሌላው የሚከለክሉ መሆናቸውን አዩ። ስለ ዳዮድ ሲናገሩ እስካሁን የሚጠቅመኝን አንድ ነገር ነገሩኝ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ባትሪው እያለቀ የሚያድር ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ዲናሞውን በእጅ መንካት ነው፤ ሞቅ ካለ ከዳዮዶቹ አንዱ እያፈሰሰ ነው።

ዘንጉን ይዘው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርጉት ኩሽኔታዎች ላይ ብዙ ቆየን፤ የገንዘቡ ነገር የሚታየው እዚህ ስለሆነ እኔም ልቆይበት። የፊተኛው ኩሽኔታ የቺንጋውን ጭነት የሚሸከም በመሆኑ ይጎዳል፤ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚወጣ የጉርምርምታ ድምፅ ካለ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው ግን ኩሽኔታ ለመግዛት የሚሄደው የመኪናውን ሞዴል ጠርቶ ነው፤ «የኮሮላ ዲናሞ ኩሽኔታ» ሲባል ዋጋው ሌላ ይሆናል። የኩሽኔታ ልክ ዓለም አቀፍ ነው። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሁሉን ይናገራል፤ ለምሳሌ 6303 የሚል ኩሽኔታ ማንም ይሥራው ማን የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ጽፎ ኩሽኔታ ብቻ ወደሚሸጥ ሱቅ መሄድና በሁለቱም ጎን በላስቲክ የተሸፈነውን መጠየቅ ይበቃል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ ካርቦኑንና ኩሽኔታውን ገዝቼ ከእጅ ዋጋው ጋር ስደምረው፣ ሜርካቶ ሶማሌ ተራ ለሙሉ ዲናሞ ከተጠየቅሁት ዋጋ በጣም ያነሰ ሆነ። ቁጥሩን የማልጽፈው ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው፤ የዛሬ ቁጥር ከወር በኋላ አንባቢን ያሳስታል።

መጠገን የማያዋጣበት ጊዜም አለ፣ ይህንንም በግልጽ መናገር አለብኝ። የማይንቀሳቀሰው ጥቅል ከተቃጠለ፣ ማለትም መዳቡ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ የሚዞረው ጥቅል ከተቆረጠ፣ ወይም ኩሽኔታው ተሰባብሮ የሚዞረው ክፍል ከማይንቀሳቀሰው ጋር ከተፋጨ፣ ሙሉ ዲናሞ መፈለግ ይሻላል። እንደገና የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን የመዳቡ ውፍረትና የዙሩ ብዛት ከመጀመሪያው ጋር ካልተካከለ ዲናሞው ቶሎ ይግላል፣ እንደገና ይቃጠላል።

እንግዲህ ሙሉ ዲናሞ ሲገዛ ሁለት መንገድ አለ፤ ከኤምሬትስ ከመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይም አዲስ ቅጂ። እኔ የምመርጠው ያገለገለውን ኦሪጅናል ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የሚሰንፈው ካርቦኑና ኩሽኔታው ነው፣ እነርሱን ደግሞ መቀየር ይቻላል። ቅጂው አዲስ ቢሆንም ውስጡ ያለውን መዳብና ዳዮድ በዓይን መመርመር አይቻልም። ያገለገለውን ስገዛ ግን ፑሊውን በእጄ አዞራለሁ፤ የሚንኳኳ ወይም የሚወላወል ከሆነ አልወስድም። የሬጉሌተሩ ሶኬት ቅርጽና የፒኖቹ ብዛት ከእኔው ጋር አንድ መሆኑን፣ የፑሊው ጎድጓዶች ከቺንጋዬ ጋር መግጠማቸውን፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው አምፔር ከመጀመሪያው አለማነሱን አያለሁ። አሮጌውን ዲናሞ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይህን ሁሉ ያቀላል። ሻጩ መፈተሻ ካለው ፊት ለፊቴ እንዲያዞረው፣ ከሌለው ደግሞ ካልሠራ እንደሚመልስልኝ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ። እውነተኛ ነጋዴ በዚህ አይከፋም።

ወደ መኪናዬ ልመለስ። ዲናሞው ተገጥሞ ከመነሣቱ በፊት አዛውንቱ ባትሪውን ለብቻው በቻርጀር ሞሉት። ባዶ ባትሪ ላይ ታድሶ የመጣ ዲናሞ መግጠም ዲናሞውን መግደል ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ዲናሞ የተሠራው ሞተሩ ሲነሣ የጎደለውን ጥቂት ለመተካትና መኪናው እየሄደ የሚያስፈልገውን ለመስጠት ነው። ፈጽሞ ያለቀ ባትሪ ለመሙላት ሲገደድ ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ ዳዮዶቹ ይግላሉ። ከተነሣ በኋላ 14.2 ቮልት አሳየ። መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ከፍተን ስንለካ 13.7 ላይ ቆመ። ዙሪያውን ነድቼ እንድመለስም አዘዙኝ፤ አንዳንድ ሬጉሌተርና ዳዮድ ቀዝቃዛ ሲሆን ይሠራል፣ ሲሞቅ ይተዋል። ሞቆም ያው ሆነ።

ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። ካርቦኑ ሲወጣ ዘይት ለብሶ ነበር። አዛውንቱ ጣታቸውን ዲናሞው ከነበረበት በላይ ወዳለው የሞተሩ ክፍል አሻግረው የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን፣ አሳዩኝ፤ እየደማ የሚወርደው ዘይት ቀጥታ ዲናሞው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ዘይትና የከተማችን አቧራ ሲቀላቀሉ ካርቦኑ በመያዣው ውስጥ እንደልቡ እንዳይንሸራተት ያደርጉታል፤ ቀለበቶቹንም ያጠቁራሉ። ጓርኒሲዮኑ ሳይቀየር ዲናሞውን መልሼ ብገጥመው፣ አዲስ ዲናሞም ገዝቼ ቢሆን፣ በጊዜው ያው በሽታ ይደግመው ነበር። ስለዚህ ቀሪውን ገንዘብ ለጓርኒሲዮኑ አዋልኩት። ከዚያ ወዲህ ላቫጆ ስሄድ ሞተሩን በግፊት ውሃ እንዳያጥቡት አስቀድሜ እናገራለሁ፤ አቧራው የግድ መነሣት ካለበትም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ እንዲጠርጉት፣ ዲናሞው አጠገብ ያለውን ደግሞ ለእኔ እንዲተዉልኝ እጠይቃለሁ።